ለእናቴ ብቻ

«የምትናገርለት አንተ ነህ» አለችው እህቱ ሸዋረግ፣ የባሏን የኮት ኮሌታ እያስተካከለች። «እሱ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ። ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል። ነጋ ፊት ስትደርሱ እሱ ይቀመጥ፤ ተናጋሪው አንተ ነህ።» እስጢፋኖስ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ ስለነበር ቀና ሳይል «እሺ» አለ። እሺታው አልበቃትም። ስታወጣ ስታወርድ የሰነበተችውን ንግግር ቃል በቃል ልታስይዘው ፈለገች። «መጀመሪያ፣ ‹ልጅህን ሚስቴ ክርስትና አንስታለች፤ አበልጄ ይከዳኛል ብዬ አላሰብኩም› በለው። ቀጥለህ፣ ‹ድምፄን ሸጥከው፣ ያውም መልሼ የማላገኘውን› በለው። እንዳትቸኩል። ‹መልሼ የማላገኘውን› ስትል ትንሽ ቆም በል፤ ይግባው።» እንዲህ ስትል በእጇ አየሩን ቀስ እያለች ትመታ ነበር፤ ፊልም ሲሠሩም ለባሏ የምታሳየው በዚሁ እጅ ነው። ካሣዬ አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሞ በመካከላቸው ቆሟል። አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ የሚስቱን ወንድም ያያል፤ ስለ እሱ የሚነገረውን ሁሉ እንደ እንግዳ ይሰማል።

ካሣዬ ትርጉም ፊልም ይሠራ ነበር። ጎንደር፣ ከአራዳ ሱቆች ጀርባ በተከራዩት ቤት አንዲቱን ክፍል ለዚሁ ለይተው፣ ባልና ሚስት የውጭውን ፊልም በአማርኛ ይናገሩበታል፤ ወንዱን ሁሉ እሱ፣ ሴቱን ሁሉ ሸዋረግ። ቀድሞ የአማርኛ አስተማሪ ስለነበረ ንግግሩ ለጆሮ ይጥማል። የቱርኩን ነጋዴ የደንቢያ ሰው፣ የኮሪያውን ደላላ የአዘዞ ሰው አድርጎ ሲያመጣው፣ ሰው ምስሉን ትቶ እሱን ይሰማ ነበር። ለዓመታት የተሸከመው እንቅርት መተንፈሻውን እየተጫነ መጥቶ ካልወጣ አይሆንም በተባለ ጊዜ፣ ሐኪሙ ድምፁ እንደ ድሮው ላይመለስ እንደሚችል አስቀድሞ ነገራቸው። ያኔ ነው ያንን ፊልም የሠራው፤ ሴት ልጁን ፍለጋ አገር ላገር የሚዞር የቱርክ የጭነት መኪና ሹፌር ታሪክ። የቀረችውን ድምፁን ሁሉ እዚያ ላይ አፈሰሳት። ማክሰኝት ሱቅ ያለው አበልጃቸው ነጋ ድምፁን ከምስሉ ጋር አገጣጠመው፤ ሙዚቃም አስገባበት። አዲስ አበባ ያለ፣ ፊልም በስልክ የሚያሳይ አንድ ድርጅት አይቶ ወደደው፤ የትም ያልታየ ከሆነ እንገዛዋለን፣ ሌላም እናሠራችኋለን አላቸው። ካሣዬ በዚህ ልቡ አርፎ ሆስፒታል ገባ። ሲወጣ ከዚያ ሁሉ ድምፅ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማ ዓይነት ሹክሹክታ ብቻ ቀርቶት ነበር። ፊልሙ ደግሞ እሱ አልጋ ላይ እያለ ቴሌግራም ላይ ወጥቶ አገር አዳርሶ ነበር። ድርጅቱ በሁለት መስመር መልእክት ውሉን ተወው።

ፊልሙ የነበረው እነሱ ቤት፣ ነጋ ዘንድና እስጢፋኖስ ዘንድ ነው። እስጢፋኖስ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነው፤ የቢሮው ኢንተርኔት ስለሚፈጥን ፊልሙን ወደ አዲስ አበባ የላከላቸው እሱ ነበር። እሱን ግን ማን ይጠረጥራል? ሸዋረግ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው፣ ዩኒቨርሲቲ እስኪጨርስ እሷ ሳትለብስ ያለበሰችው ልጅ ነው። ነጋ ግን የሚተዳደረው የገበያተኛ ስልክ ላይ ፊልም እየጫነ ነው። «ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?» አለች ሸዋረግ፤ የነጋን ስልክ ማንሳትም ተወች። እስጢፋኖስ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ቁርሱን እየበላ ነበር የሰማት።

ፊልሙን ያወጣው እሱ ነው። አብራው የምትሠራው ኤሌኒ፣ ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ የዋለች እናት አለቻት። ሴትየዋ ፊደል አልቆጠረችምና ከምስሉ ሥር የሚጻፈውን መከተል አትችልም፤ በአማርኛ የሚናገረውን ደግሞ ያለውን ሁሉ አይታ ጨርሳለች። እስጢፋኖስ ኤሌኒን በልቡ ይመኛት ነበር። አንድ ቀን ሻይ ላይ፣ ሌላ ሰው ያላየው ፊልም እጄ ላይ አለ ብሎ አፉ አመለጠው። «ለእናቴ ብቻ፣ በማርያም» አለችው። ሊያስደስታት ፈለገ፤ ከሰው ሁሉ ቀድሞ በእጁ ያለ ነገር መኖሩም ትንሽ አኮራው። «አደራ» ብሎ ላከላት። እሷም እናቷን ለምታስታምመው እህቷ «አደራ» ብላ ላከች፤ እህትየዋም ለባሏ። ዳታ ለወራት ተዘግቶ የተለቀቀ ሰሞን ነበርና ሰው የሚያየው ነገር ርቦታል። ሳምንት ሳይሞላው ሽንታ ወንዝ ማዶ የማያውቃቸው ሰዎች ስለ ሹፌሩ ሲያወሩ ሰማ። እስጢፋኖስ እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት ፊልም ከዚህ አውርዶ እዚያ ልኳል፤ ከወንዝ እንደሚቀዳ ውኃ ነበር የሚያየው፤ ወንዙ የማን እንደሆነ ማን ይጠይቃል? ለሸዋረግ መናገር የነበረበት ያኔ ነው። ካሣዬ ከሆስፒታል ይውጣ አለ፤ ወጣ። ቁስሉ ይድረቅ አለ፤ ደረቀ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደ ሊጥ በራሱ እየኮመጠጠ ሄደ፤ ነጋ ይሰደብ በነበረበት ቀን ሁሉ ደግሞ የእሱ ዝምታ አንድ ተጨማሪ ስድብ ሆነ።

መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ ከታሪፍ በላይ ጠይቆ ተሳፋሪው ሲጯጯህ ካሣዬ ሳይከራከር የሁለቱንም ከፈለ። «እኔ ልክፈል እንጂ ጋሼ» ብሎ እስጢፋኖስ እጁን ኪሱ ሲከት፣ ካሣዬ ክንዱን ይዞ አስቀመጠውና ጉልበቱን መታ መታ አደረገው፤ ለእኔ ብለህ የእረፍት ቀንህን ትተህ መጥተህ ደግሞ ትከፍላለህ እንዴ እንደማለት። እስጢፋኖስ ጉልበቱን መሰብሰብ ፈለገ፤ ሚኒባሱ ግን ጠባብ ነው፤ ወዴትም የሚሰበሰብበት አልነበረም። አዘዞ ፍተሻ ላይ ወርደው ተፈትሸው ተመልሰው ገቡ። ፈታሹ ካሣዬን «ከየት ነህ?» ብሎ ጠይቆት የመለሰው ስላልተሰማው ተቆጣ፤ እስጢፋኖስም «ታሞ ነው፣ መናገር አይችልም» ብሎ መለሰለት። እህቱ እንዳለችው፣ ሥራው ገና ከመንገድ ተጀመረ።

ጠዳን እንዳለፉ ከፊታቸው ካለው ወንበር ድምፅ ተነሳ። ጋቢ የለበሰ፣ እግሮቹ መካከል ከረጢት ያቆመ ሽማግሌ ገበሬ ስልኩን ፊቱ ላይ ደቅኖ ፊልም ያያል፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቆታል። እስጢፋኖስ ከመጀመሪያዋ ቃል ለየው። ሹፌሩ ኬላ ላይ ከፈታሹ ጋር የሚነጋገርበት ቦታ ነበር። «የጫንኩት ሽንኩርት ነው ጌታዬ» ይላል የካሣዬ ድምፅ፣ ወፍራምና ረጋ ያለ፣ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ከሩቅ ሲመታ ደረት ላይ እንደሚሰማው። «የተሸከምኩት ግን ሌላ ነው። እሱንም ትፈትሽልኛለህ?» ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች። ሌላው ተሳፋሪ የሚቀጥለውን ንግግር ከስልኩ ቀድሞ በቃሉ አለው። ካሣዬ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። እስጢፋኖስ የፈራው ንዴት ፊቱ ላይ አልነበረም፤ የተማሪ ቤት አጥር ሥር ቆሞ ልጁ ሲጫወት በቀዳዳ የሚያይ አባት ነበር የሚመስለው።

«ይኼ ሰውየ ሸጋ አርጎ ይናገራል እኮ!» አለ ሽማግሌው፣ ለማንም ሳይሆን።

ካሣዬ ትከሻውን ነካ አደረገው። «እኔ ነኝ» አለ።

«ምን አልህ ወንድሜ?»

«እኔ… ነኝ። ድምፁ።»

ሽማግሌው ጆሮውን አስጠግቶ ሞከረ፤ አልሰማም። ወደ እስጢፋኖስ ዞረ። «ምንድን ነው የሚል?»

እስጢፋኖስ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ፊልሙ ላይ የሚናገረው እሱ ነው። ድምፁ የእሱ ነው ይላል።»

ሽማግሌው የካሣዬን ሻርፕ፣ ከዚያ ከንፈሩን አየ። አላመነም፤ ግን አላፌዘም። የሚቃዥ በሽተኛ እንዳገኘ ሰው ፊቱ ራራ። «እግዜር ይማርህ» አለው። «ይማርህ ወንድሜ።» ይህ የሚያንስ ስለመሰለው ደግሞ ስልኩን ወደ እስጢፋኖስ ዘረጋ። «ትወዱት እንደሁ ላስተላልፍላችሁ? እኔም ከልጄ ነው የወሰድሁት፣ እሷም ከጓደኛዋ። አይከፈልበት፤ ይኼን ምን ይደብቁታል!»

ካሣዬ በእጁ አመስግኖ ወደ ኋላ ተደገፈ፤ ከዚያ በኋላ በመስኮቱ ወደ ሜዳው ዞሮ ቀረ። አሁን ብነግረው ብሎ እስጢፋኖስ አሰበ። ሰው በሞላበት፣ ሽማግሌው ከፊት፣ ሴትየዋ ከኋላ እየሰሙ? ስንወርድ እነግረዋለሁ አለ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ኤሌኒ ነበረች። «እማዬ ዛሬ ራሷ ተነስታ ተቀመጠች!! ሹፌሩ ልጁን አገኛት ወይ፣ ክፍል ሁለት የለውም ወይ ብላ አስጨነቀችኝ። እባክህ ፈልግልኝ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበው። የሴትየዋ መነሳት እውነተኛ ደስታ ሰጠው፤ ደስታው ደግሞ ወዲያው አሳፈረው፤ እንደ ማመካኛ ሊይዘው ሲንደረደር ራሱን ያዘው። አልመለሰላትም።

ማክሰኝት የገበያ ቀን ነበር። አስፋልቱ ግራና ቀኝ ፍየልና በግ፣ በሸራ ላይ የተዘረጋ ጤፍና ሽንብራ፣ ዋጋ የሚጠራ፣ በዋጋ የሚሳደብ ሰው ሞልቶታል። እስጢፋኖስ ሊናገር ጋሼ ብሎ ጀመረ፤ ካሣዬ ጫጫታው ውስጥ አልሰማውም፤ ወይም እስጢፋኖስ የጠራው እንዳይሰማ አድርጎ ነበር። «ፊልምና ዘፈን እንጭናለን» የሚለው የነጋ ሱቅ ፊት ደረሱ። ነጋ አንገቱን ቀና አድርጎ ሲያያቸው የያዘውን የሰው ስልክ ጥሎ ወጣ። «አበልጄ!» ካሣዬን አቅፎ ትከሻ ለትከሻ እየተሳሳመ ቶሎ አልለቀቀውም። «ተመስገን ቆመህ ሄድህልኝ! ስደውል የማታነሱ፣ ሆስፒታል ብመጣ ወጥቷል አሉኝ፣ ቤት ብመጣ ሸዋረግ የለችም አሉኝ… ምን በደልሁ ብዬ ስጨነቅ!» ደንበኞቹን ነገ ኑ ብሎ መዝጊያውን አወረደና ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤቱ እየጎተተ አስገባቸው።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋው በመጋረጃ ተከልሏል፤ ግድግዳው ላይ የልጃቸው የቤዚ የክርስትና ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሸዋረግ ነጭ ለብሳ ሕፃኗን ታቅፋ። የነጋ ሚስት ለተ ማርያም ካሣዬን ስታይ እልል ልትል ደረሰች። «አያ ካሣዬ! ምነው እንዲህ ከሳህ?» እያለች ወንበር በቀሚሷ ጠረገች፤ ቤዚን ጉልበት ሳሚ ብላ ገፋቻት። ትንሿ ልጅ የካሣዬን ጉልበት ስማ ሻርፑን ትነካካ ጀመር። ለተ ማርያም ያላትን አቀረበች፤ ትኩስ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ለልጇ ያስቀመጠችውን እንቁላል ጭምር ጠብሳ። «ብሉ እንጂ። ቤት ያፈራው ነው።» ካሣዬ እጁን አልዘረጋም። ቂም ይዞ የሰው ቤት አይበላምና መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። የቤቱ ጨዋታ ያን ጊዜ ቆመ። ነጋ እንጀራውንም አበልጁንም አየ።

«ምነው አበልጄ? ቤቴ የማይበላበት ሆነ?»

ካሣዬ ወደ እስጢፋኖስ አየ። እስጢፋኖስ ተነስቶ ቆመ። አሁን፣ አለ በልቡ፤ አሁን ነው። አፉን ሲከፍት ግን የወጣው እህቱ ያስያዘችው ነበር። «ልጅህን ሚስቴ ክርስትና አንስታለች» አለ፤ በካሣዬ አፍ እየተናገረ። «አበልጄ ይከዳኛል ብዬ አላሰብኩም።» ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። የዩኒቨርሲቲ ስብሰባ ላይ እንደሚናገር ሰው የተስተካከለ ነበር፤ ያስደነገጠውም ይኸው ነው። «ድምፄን ሸጥከው። ያውም መልሼ የማላገኘውን።» እዚህ ላይ፣ እህቱ እንዳለችው፣ ቆም አለ። የነጋ ፊት ደም ሲሸሸው ታየው። ከዚያም አልፎ የድርጅቱን ነገር፣ የቤት ኪራዩን፣ ቴሌግራሙን፣ ሁሉንም እስከ ጫፉ ተናገረና ተቀመጠ።

ከውጭ የፍየል ጩኸትና የደላላ ድምፅ ይሰማል። «የወጣ ቀን እኔም አየሁት» አለ ነጋ። «ለእናንተ ልነግር ስደውል አላነሳችሁም። ያን ጊዜ ያልገባኝ አሁን ገባኝ።» ወደ ካሣዬ ዞረ። «አበልጄ፣ እኔ ሱቅ የሌለ ፊልም ያ ብቻ ነው። ገበያተኛው መጥቶ የሹፌሩን ጫንልን ይለኛል፣ የለኝም እላለሁ። ማዶ ያለው ይጭናል፤ ወደሱ ይሄዳሉ። ለተ ማርያም ታውቃለች። ጅል ነህ ብላኛለች።» ሚስቱ አንገቷን ደፍታ «እውነት ነው» አለች። ካሣዬ ግን እውነቱን የሚለይበት አጣ። ማመን ፈልጎ፣ ካመነ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የቸገረው ሰው ይመስል ነበር። ነጋ ይህን አየ። ቤዚን ወደ ራሱ ሳበና እጁን አናቷ ላይ ጫነ።

«ካላመንኸኝ በክርስትና ልጃችሁ ልማልልህ። ይችን ልጄን…»

«አትማል!» እስጢፋኖስ መቼ እንደተነሳ አያውቅም። ልጅቷ ደንግጣ ከአባቷ ሥር ገባች። «አትማል ነጋ፣ እባክህ። እኔ ነኝ።» ያልተሰማ መስሎት ደገመው። «ጋሼ፣ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለአንዲት ሴት ላክሁላት። ለእናቷ ብቻ ነው ብላኝ…» ይህን ማለት ሲጀምር ማመካኛው እንዴት ቀላል እንደሆነ ራሱ ሰማውና አቋረጠ። «ላክሁላት። ከዚያ ተበተነ። ከዚያ ሰሞን ጀምሮ አውቃለሁ።»

ለተ ማርያም ልጇን አንስታ ወደ ውጭ ወጣች። ነጋ ሳቅ የመሰለ ትንፋሽ ካፍንጫው አወጣ፤ ግን አልሳቀም። «ታዲያ ቅድም የተናገርኸኝ አንተ ነህ?» አለው። «ያን ሁሉ እያወቅህ?» ካሣዬ እስጢፋኖስን አላየውም። ከወንበሩ ተነስቶ አንድ እርምጃ ያህል ተራመደና ነጋ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ ትሪውን ሳበ፤ ከእንጀራው ቆርሶ ሽሮውን አጠቀሰና ጎረሰ። በጉሮሮው ሲያልፍ ያመዋል፤ ዐይኑን ጨፍኖ ዋጠው። ሁለተኛውን ጠቅልሎ ለነጋ አጎረሰው። «ይቅር… በለኝ» አለ፤ ድምፁ ተሰንጥቆ። «አበልጄ… ይቅር…»

«ዝም በል!» ነጋ እያላመጠ፣ እያለቀሰ፣ መዳፉን አፉ ላይ ጫነበት። «አትናገር ተብለሃል፣ ዝም በል። ለእኔ ብለህ የተረፈችህን አትጨርስ።»

ትንሽ እንደቆዩ ነጋ፣ ምናልባት ከልቡ፣ ምናልባትም ዝምታው ስለከበደው፣ እንጀራው ላይ አጎንብሶ መናገር ጀመረ። እኔስ ብሆን፣ አለ፣ የስንቱን ሰው ልፋት ስጭን ኖርሁ፤ የማን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የእኛም ቢሆን ምስሉ የሰው ነው፤ የቱርኮቹን አስፈቅደን አይደለም። አንዱ ካንዱ እየወሰደ ነው እንግዲህ፣ ልጁም ሆን ብሎ አይደለም። ካሣዬ አዳመጠው፤ ምስሉ የሰው ነው ሲል ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ልጁም ሆን ብሎ አይደለም ሲል ግን አልነቀነቀም። ለተ ማርያም ተመልሳ ስትገባ እስጢፋኖስን ለብቻው ቆሞ አገኘችው፤ የቤቷ ደንብ ነውና «አንተም ብላ እንጂ» አለችው፣ ፊቱን ሳታይ። ቁጭ ብሎ አንድ ጎረሰ። አልወርድ ብሎት ውኃ ጠየቀ፤ ውኃውን ስትሰጠው እጃቸው እንዳይነካካ ጠንቀቅ ማለቷን አየ።

እስጢፋኖስ ሊሄድ ሲነሳ ካሣዬ አልተነሳም። ስልኩን አወጣና በአንድ ጣቱ እየፈለገ ጽፎ ወደ እስጢፋኖስ አዞረለት። «እኔ እዚህ አድራለሁ። አንተ ሂድ። ለሸዋረግ አንተ ንገራት። እኔ አልናገርልህም።» እስጢፋኖስ «እሺ ጋሼ» አለ። ሌላ ነገር ይጻፍለት እንደሁ ቆሞ ጠበቀ። ካሣዬ ስልኩን ኪሱ ከተተው።

ጎንደር ሲደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ከመናኸሪያው በባጃጅ መሄድ ይችል ነበር፤ በእግሩ ሄደ። አራዳ መንገዱ ላይ የሚያውቀው ሰው ሰላም ሲለው በትክክል መለሰ፤ ስለ አየሩም ተናገረ። ግቢው ሲገባ ሸዋረግ ያቺን የፊልም ክፍል ከፍታ፣ የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ግድግዳው ላይ ቸንክረውት የነበረውን ብርድ ልብስ ሁሉ እያወረደች ነበር። ክፍሏን የሚከራይ ተገኝቷል፤ የሆስፒታል ነርስ ናት፤ ሰኞ ትገባለች። ማይኩና ኮምፒውተሩ በር ላይ በካርቶን ተቀምጠዋል። ባዶው ግድግዳ ላይ የሚስማሩ ቀዳዳ በረድፍ ይታያል።

«መጣህ? እሱስ?» አለች፣ አቧራውን በነጠላዋ እየተከላከለች። «ያዝልኝ እስቲ ይኼን።»

የብርድ ልብሱን ሁለት ጫፍ ያዘ፤ እሷም ሁለቱን ያዘችና አራገፉት። «እዚያ ያድራል» አለ። «እዚያ የት? ነጋ ቤት?» ዐይኗ ተገለጠ። አጠፉት፤ ጫፎቹን ይዛ ወደ እሱ መጣች። «ታዲያ አመነ በለኛ! ታረቁ? አመነ ነጋ?»

ፊት ለፊቱ ነበረች፤ በብርድ ልብሱ ውፍረት ብቻ ተራርቀው። ሽበት የጀመራት እዚህ ጆሮዋ ጋ እንደሆነ አላስተዋለም ነበር።

«ያመንሁት እኔ ነኝ እትዬ» አለ። «ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ሸዋረግ ወዲያው አልገባትም። ፈገግታው ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ወረደ። የያዘውን ጫፍ ከእጁ ወሰደች፤ ብርድ ልብሱን ደረቷ ላይ አቅፋ የተቀረውን ብቻዋን አጣጠፈችው፤ ከሌሎቹ ላይ ደረበችው፤ በመዳፏም ደለደለችው። ለማን ብሎ እንደላከ፣ መቼ እንደላከ አልጠየቀችም። እሱ ግን ነገራት፤ ስለ ኤሌኒም፣ ስለ ዝምታውም፣ ነጋ በልጁ ሊምል ስለደረሰበትም። ስለ ቤዚ ሲናገር እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ስልኬን አምጣልኝ» አለችው በመጨረሻ። «መስኮቱ ላይ ነው።»

አምጥቶ ሊወጣ ሲል «ቁም» አለችው። ቆመ። ደወለች። በመጀመሪያው ጥሪ ተነሳ፤ የለተ ማርያም ድምፅ እስከ እሱ ድረስ ይሰማል፤ «አቤት እትዬ» ይላል፣ እየፈራ። እስጢፋኖስ ይህች እህቱ ለቤት አከራይም፣ ለሐኪምም፣ ለሞት እንኳ አንገቷን ስትደፋ አላየም። አሁን ብርድ ልብሱ ላይ ቁጭ ብላ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ለምታንሳት ሴት ይቅርታ ትለምናለች። ነጋን የሰደበችበትን ስድብ ሁሉ አንድ በአንድ አወጣች፤ ለተ ማርያም ያልሰማችውን ጭምር። ከሁሉ የሚከብደውን ጠበቀ፤ ወንድሜ ነው እስክትል፣ እሱ ነው ጉድ የሠራን እስክትል። ስሙን አልጠራችም።

«ተሳስተናል» አለች። «ተሳስተናል እቴ፣ ይቅር በሉን።»